ምሩጽ ይፍጠርን በዘመኑ የምታውቁት፣ እስኪ ንገሩን

ሰኞ ገበያ፦

ሰላም ጀመዓ። ጥያቄዬ አጭር ናት። የሯጩ ምሩጽ ይፍጠር የሞስኮ ኦሊምፒክ (በፈረንጆቹ 1980) ድል ያን ጊዜ እንዴት ነበር የታየው? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ የሰማችሁት ካላችሁ ደግሞ የእናንተን በተለይ እፈልጋለሁ።

ደሴ ውስጥ ስፖርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀነኒሳን፣ ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ጥሩነሽን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አበበ ቢቂላንም በባዶ እግሩ ስለሮጠ ያውቁታል። ምሩጽ ጋ ሲደርሱ ዝም። አንዱ ብቻ እጁን አውጥቶ «እሱ እኮ አሜሪካና ኬንያ በሌሉበት ነው ያሸነፈው» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ነው። ልጁን አልፈርድበትም፤ እውነትም አሜሪካና ኬንያ ሞስኮ አልነበሩም። ግን የሰውየው ታሪክ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲዘጋ ከነከነኝ። እኔ ራሴ የተወለድኩት ከሞስኮ ብዙ ዘግይቼ ነው። ሜዳሊያዎቹን አውቃለሁ፣ ዘመኑን ግን አልኖርኩትም። የምታውቁ ተባበሩኝ።

ጦሳ ግርጌ፦

ልጄ፣ ደግ ነገር አነሳህ። ነፍሱን ይማረውና ምሩጽን እኔ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው።

ሐምሌ 1972። የሐምሌን ደሴ ታውቃታለህ፤ ጦሳ በጉም እንደተሸፈነ ይውላል፣ ዝናቡ አባራ ሲባል ይጀምራል፣ ጭቃው አያስኬድም። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። ሬዲዮ የነበረው አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ነው። ባትሪ ድንጋይ ሲደክም በበጋ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። በሐምሌ ግን ፀሐይ ከየት ይምጣ? ሚስቱ ድንጋዮቹን ምድጃው ዳር ደርድራ ስታሞቅ አሁንም ትታየኛለች፤ እንዳይግሉባት በጨርቅ እየያዘች ታገላብጣቸዋለች። እኛ ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለናል፤ ትልልቆቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ውስጥ ተቀምጠዋል። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲጠፋ ማንም አይተነፍስም፤ ልብስ ሰፊው አንቴናውን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ መልሶ ወደ በሩ ያዞራል።

ዘመኑን ጠይቀሃልና ልንገርህ። ወሎ ከ66ቱ ረሃብ ገና አላገገመም። በላዩ ላይ ቀይ ሽብር መጣ። በደሴ ልጁን ያጣ ቤት ብዙ ነበር፣ አንዳንዱም አልቅሶ እንኳ አልወጣለትም። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት፣ የሰሜኑ ውጊያ። ሬዲዮ ሲከፈት የሚወጣው መግለጫና ዘመቻ ነው፤ ሰው ዜና የሚሰማው እየፈራ ነበር። የዚያን እሑድ ግን ያው ሬዲዮ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ሐምሌ 20 ነው ቀኑ፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። 300 ሜትር ሲቀር ምሩጽ ወጣ ሲባል ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ተነሳ፣ እስኪያልቅም አልተቀመጠም። አሸነፈ ሲባል ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ በዝናብ ሮጦ መጣ። በዚያ ሰሞን እልልታ ከሰርግና ከክርስትና ውጭ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ምሩጽ «ማርሽ ቀያሪው» ሲባል ደግሞ ለደሴ ልጅ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ያደግነው ከኮምቦልቻ ጭነት ይዞ ሐረጎን የሚወጣ መኪና እየሰማን ነው። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ በሌላ ድምፅ ሽቅብ ይነሳል። ከሞስኮ በኋላ ልጆች ስንሯሯጥ መጨረሻው ላይ «ማርሽ!» ብሎ የማይጮህ አልነበረም።

አሜሪካ የለችም፣ ኬንያ የለችም ብሎ ያኔ የተከራከረ ሰው አላስታውስም። ለእኛ ነገሩ ሌላ ነበር። ይህ ሰው ሙኒክ ላይ ምን እንደደረሰበት ታላላቆቻችን ያውቃሉ፣ ሞንትሪያል ሳይሮጥ መቅረቱን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ምሩጽ አርጅቷል፣ ከእንግዲህ አበቃለት ብሎ ነበር። ዓርብ ሐምሌ 25 ደግሞ 5 ሺውን ጨመረበት። እኛ የሰማነው ያንን ነው፤ ሁለት ጊዜ ዕድሉ ያመለጠው ሰው ሦስተኛውን ጠብቆ ሁለቱንም ወርቅ ሲያነሳ።

ቦርከና፦

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፣ ባትሪ ድንጋዩን አባቴም ያወራዋል። እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። በሞስኮ ጊዜ አልተወለድኩም፤ የአትሌቲክስ ውጤት ማሳደድ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማይለቀኝ አመል ነው። በጋሼ ላይ ቁጥሩን ልጨምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው፣ ውጤቱ ሁሉ የተመዘገበው እንደዚያ ስለሆነ።

መምህር፣ ምሩጽን ከሞስኮ ብቻ ከጀመርከው ልጁ ያለው ልክ ይመስላል። ከ1971 ጀምርለት። ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም በሚባል ከተማ አፍሪካና አሜሪካ ውድድር ገጥመው ነበር። ምሩጽ 5 ሺህ ሜትሩን እየሮጠ የመጨረሻው ዙር መስሎት ተፈተለከ፣ ከዚያ ገና አንድ ዙር ሲቀረው ያለቀ መስሎት ቆመ። ውድድሩን ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ወሰደው። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ አገሩ ይገባ ነበር። እሱ በማግስቱ 10 ሺህ ሮጦ ፍራንክ ሾርተርን ቀደመው። ሾርተር ማለት በቀጣዩ ዓመት ሙኒክ ላይ የማራቶን ወርቅ ያገኘው ነው።

ሙኒክ 1972። በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ፣ ነሐስ። ያ ሩጫ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን መሃል ላይ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በ27፡38 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት ነው። ቤልጅጉ ኤሚል ፑተማንስ ተከተለው፣ ምሩጽ በ27፡41 ገባ። ከሦስት ሰከንድ የማይበልጥ ልዩነት። ከዚያ 5 ሺው ነበር፤ እሱ ላይ ነው እንግዲህ ማጣሪያው ያለ ምሩጽ የተጀመረው። ለምን እንደቀረ ዛሬም ሰው አይስማማም። ሽንት ቤት ነበር የሚል አለ፣ በሩ ተምታታበት የሚል አለ፣ አሰልጣኞቹ አዘግይተው አመጡት የሚልም አለ። በምንም ይሁን በምን ቀረ።

ሞንትሪያል 1976ን ለተማሪዎችህ ረጋ ብለህ አስረዳቸው። ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን አፓርታይድ ወደ ነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ላከች፣ ኦሊምፒክ ኮሚቴው አላገዳትም፣ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ውሳኔው ትክክል ነው፣ ዛሬም ቢሆን እደግፈዋለሁ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሯጮቹ ናቸው። ምሩጽ በሌለበት ቪረን 5 ሺውንም 10 ሺውንም በድጋሚ ወሰደ። ምሩጽ አልነበረም ብሎ የቪረንን ወርቅ ሲያሳንስ የሰማኸው ሰው አለ? ይህንን ለልጁ ጠይቀው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ጋ ደረስን። በ1977 ዱሰልዶርፍ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ የአትሌቲክስ ውድድር ተካሄደ። ምሩጽ ለአፍሪካ ቡድን ሮጦ 5 ሺውንም 10 ሺውንም አሸነፈ። በ1979 ውድድሩ ተደገመ፤ ምሩጽም ሁለቱንም ደገማቸው። የት መሰላችሁ? ሞንትሪያል። በዚያው በኦሊምፒኩ ስታዲየም። በ1976 እንዳይሮጥ የሆነባት ከተማ ሄዶ፣ አሜሪካ የራሷን ቡድን ይዛ በቀረበችበት ውድድር፣ ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጣ። ይቺን ሳነብ ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል። አሜሪካ ሳትኖር አሸነፈ ለሚል ሰው መልሱ ሞስኮ ላይ የለም፣ ከሞስኮ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞንትሪያል ላይ ተሰጥቷል።

ቧንቧ ውሃ፦

ቦርከና ወንድሜ፣ ቁጥርህን ወድጄዋለሁ፣ ምሩጽንም እንደማንኛችሁም እወደዋለሁ። ግን ልጁ ያነሳው ግማሹ ጥያቄ ሳይመለስ አልፈኸዋል። አሜሪካን መለስክ፣ ኬንያን ዘለልክ። ሄንሪ ሮኖስ?

ሮኖ እኮ ተራ ሯጭ አይደለም። በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው፤ 5 ሺህ፣ 10 ሺህ፣ 3 ሺህ መሰናክልና 3 ሺህ ሜትር። 10 ሺውን በ27፡22፣ 5 ሺውን በ13፡08 ሮጧል። ምሩጽ በሕይወቱ የሮጠው ፈጣን 5 ሺህ 13፡13 ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ይዞም አያውቅም። እና ሞስኮ ላይ ሮኖ ቢኖር ኖሮ ብሎ መጠየቅ ምሩጽን ማሳነስ አይመስለኝም። ለተማሪ ደግሞ ሙሉውን እውነት መንገር ይሻላል። ነገ ራሱ አንብቦ ሲደርስበት አስተማሪዬ ደበቀኝ እንዳይል።

ቦርከና፦

ልክ ነህ፣ ሮኖ መነሳት አለበት። እንደውም የዚያ ዘመን ትልቁ ሐዘን እሱ ነው። ኬንያ 1976ም 1980ም ቀረች፤ ሮኖ አንድም ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ዘመኑ አለፈ። ምሩጽ ቢያንስ ሁለት አግኝቷል።

ግን ሰዓትን ከሰዓት ማነጻጸር ላይ አልስማማም። ክብረ ወሰን ማለት ከሰዓት ጋር ብቻህን የምትታገለው ነው። ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ቀድሞ መምራት አይፈልግም፣ ሁሉም ይተያያል፣ መጨረሻ ላይ እግርና ልብ ያለው ይወስዳል። የሞስኮው 5 ሺህ በ13፡20 ነው ያለቀው። እንዲህ ባለው ሩጫ በዚያ ዘመን ምሩጽን መጨረሻው ላይ የሚቀድመው ማን ነበር? ዱሰልዶርፍ አልተገኘም፣ ሞንትሪያል አልተገኘም።

ደግሞ ሞስኮ ባዶ ሜዳ አልነበረም። ቪረን ነበር፣ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዞ። የእንግሊዙ ብሬንዳን ፎስተር ነበር። 10 ሺውን ምሩጽ በ27፡42 ሲጨርስ የፊንላንዱ ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ፣ የኛው መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ የኛው ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ። ሙኒክ ላይ የቀደመውን ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ አራት ደረጃ ወደ ኋላ ትቶት ገባ። በ5 ሺው ላይ ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡይ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ፣ አየርላንዳዊው ኢሞን ኮህላን አራተኛ። ይኸው ኮህላን ከሦስት ዓመት በኋላ ሄልሲንኪ ላይ በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ሁሉ ሰው አሸንፎ «ማንም አልነበረም» ይባላል?

ቢኖር ኖሮ የሚለውን ከጀመርን ደግሞ ለኛም ይቆጠርልን። ኢትዮጵያ 1976 ቀረች፣ 1984 ቀረች፣ 1988 ቀረች። ከሙኒክ እስከ ባርሴሎና ሃያ ዓመት ነው፣ በመሃሉ የሮጥነው ሞስኮን ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሯጭ ስሙ ሳይጠራ እንደቀረ አስቡት።

የሐረጎ ልጅ፦

እኔ ደግሞ ከእግሩ ልጀምርላችሁ፣ ቁጥሩን ቦርከና ጨርሶታል። ሯጭ ነበርኩ፣ ትልቅ ስም የለኝም። ከኮምቦልቻ እየተነሳን ሐረጎን ሽቅብ ወደ ደሴ እንሮጥ ነበር። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ላይ ስትደርስ ብርዱ ላቡን ጀርባህ ላይ ያደርቀዋል፤ አየሩም ይሳሳል፣ ደሴ እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አሰልጣኛችን የምሩጽን ስም ሳይጠራ የሚያሳልፈው ልምምድ አልነበረም። የሚለን አንድ ነገር ነበር፦ «ቀድሞ መውጣት ቀላል ነው፣ መቼ እንደምትወጡ ማወቅ ነው ሩጫ።»

የምሩጽን 300 ሜትር ብዙ ሰው ፍጥነት ብቻ አድርጎ ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ ቦታው ነው። 300 ሜትር ሲቀር የት ነህ? የመጀመሪያውን ኩርባ ጨርሰህ የኋላው ቀጥታ መስመር መጀመሪያ ላይ። ብዙ ሯጭ የሚወጣው 200 ሲቀር ወይም የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ነው። ምሩጽ ከኋላው ቀጥታ ላይ ከወጣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ የውስጡን መስመር የያዘው እሱ ነው። የሚከተለው ሰው ኩርባው ላይ ልቅደም ካለ በውጭ ዞሮ ተጨማሪ ሜትር መሮጥ አለበት። አልቀድምም ካለ ደግሞ ቀጥታው ላይ ሲደርሱ ልዩነቱ ሰፍቷል። በሁለቱም ትሸነፋለህ። ሁሉም ሰው 300 ላይ እንደሚወጣ ያውቃል፣ ያም ሆኖ መከላከያ የለውም።

አሁን የቦርከናን ቁጥር ልዋስ። 27፡42ን ለ25 ዙር ብታካፍለው አንዱ ዙር በአማካይ 66 ሰከንድ ተኩል ነው። የመጨረሻውን ዙር ምሩጽ የሮጠው በ55 ሰከንድ ገደማ ነው። ሃያ አራት ዙር ሮጦ፣ ደሙ ሁሉ እግሩ ውስጥ እሳት ሆኖ፣ ከዚያ ከአስር ሰከንድ በላይ ይቀንሳል። እኔ በደህናው ጊዜዬ አንድ ዙር ብቻውን በዚያ ፍጥነት መጨረስ አልሞክረውም። ደግሞ አንድ ሩጫ አይደለም። የ10 ሺህ ማጣሪያና ፍጻሜ፣ የ5 ሺህ ማጣሪያ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ። 35 ኪሎ ሜትር ሙሉ በፉክክር። ዛሬ ለ10 ሺህ ማጣሪያ የለም፣ በቀጥታ ፍጻሜ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። በዚህ ሁሉ ወሬ መሐመድ ከድር ስሙ ሦስተኛ ከሚል ቃል ጋር ብቻ ተጠርቶ እንዳያልፍ። በ10 ሺው ምሩጽ፣ ከድርና ቶሎሳ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ሲያጠብቁትና ሲያላሉት ነው ቪረንን ያደከሙት። እንዲህ ዓይነት ሩጫ እግርን ይበላል፤ የተረጋጋ ሩጫ የለመደ ሰው መሃሉ ላይ ይፈታል። በ5 ሺው ፍጻሜ ደግሞ 300 ሲቀር ምሩጽ ውስጥ ታጥሮ ነበር። ፊቱ ሰው፣ ጎኑ ሰው፣ መውጫ የለም። ማርሽ የሚቀይርበት ቦታ ላይ ደርሷል፣ መንገድ ግን የለውም። በዚያች ቅጽበት ከፊቱ የነበረው ከድር ወደ ጎን ወጣ አለለት። ምሩጽ በዚያች ክፍተት አለፈ። ፊልሙን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ከድር ነው። ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ነህ፣ አንተም ወርቅ ትፈልጋለህ፣ ለጓደኛህ መንገድ ትለቃለህ። ያ ከድር ከሁለት ዓመት በኋላ ሮም ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ፣ ደስ አለኝ።

የደሴ ልጅ ከቶሮንቶ፦

ሰላም የአገሬ ልጆች። እዚህ ቶሮንቶ ነኝ። ምሩጽ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የኖረው እዚህ ነው፤ ያረፈውም እዚሁ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 2009፣ በመተንፈሻ አካል ሕመም። አስከሬኑ አገሩ ገብቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ያረፈ ሰሞን እዚህ የነበረው ሰው የተለያየ ነው። ከሁሉም ክልል፣ ከሁሉም ሃይማኖት፣ በሌላ ጉዳይ ቢገናኝ የማይነጋገር ሰው ሳይቀር ስለ እሱ ሲሆን አንድ ላይ ያወራ ነበር። እሱ የአዲግራት ልጅ ነው፣ አየር ኃይል ያሳደገው፣ ለሁሉም የሮጠ። ጋሼ ጦሳ ግርጌ፣ እናቴ ያንን ሐምሌ ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው የምታወራው። የሰላት መስገጃዋን ዘርግታ ለምሩጽ ዱዓ አድርጋለታለች፣ ሩጫው ገና ሳይጀመር።

ሰኞ ገበያ፦

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ቧንቧ ውሃ፣ ሮኖን ማንሳትህ ጠቅሞኛል፤ እነግራቸዋለሁ፣ ከነክብረ ወሰኑ። ቦርከና፣ የ1979 ሞንትሪያልን አላውቅም ነበር፣ ከእንግዲህ ከእሱ ነው የምጀምረው። የሐረጎዋ እህቴ፣ የከድርን ነገር ዛሬ ገና ነው ያየሁት፣ ፊልሙን ፈልጌ ደጋግሜ አየሁት።

አንድ የቀረችኝ አለች። ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዕድሜውን ነው። አንዱ ቦታ 36 ይላል፣ ሌላው ከ40 በላይ ያደርሰዋል። ጋሼ፣ ያኔ ምን ይባል ነበር?

ጦሳ ግርጌ፦

ልጄ፣ ይህንን የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ጠይቆ መልስ አጥቷል። ራሰ በራ ስለሆነና ፊቱ ስለጠና ሽማግሌ ነው ይሉት ነበር። በመዝገብ የተጻፈው ልደቱ በፈረንጆቹ 1944 ነው፤ በዚያ ከሄድክ ሞስኮ ላይ 36 ዓመቱ ነው። ሲጠይቁት የሰጠው መልስ እኛም ጋ ደርሶ ሲወራ ኖሯል። ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጌን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አለ።

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ከቦርከና ቁጥር ጋር ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ሙኒክ 5 ሺው አመለጠው፣ ሞንትሪያል ቀረበት፣ ለሯጭ ስምንት ዓመት ማለት ዕድሜው ሁሉ ነው። እሱ ግን በእነዚያ ስምንት ዓመታት ልምምዱን አላቋረጠም። ሲነጋ ይነሳል፣ ይሮጣል፤ የሚቀጥለው ኦሊምፒክ ይኑር አይኑር አያውቅም። ለተማሪዎችህ ወርቁን ከመናገርህ በፊት እነዚያን ዓመታት ንገራቸው። በ36 ዓመቱ ሁለት ወርቅ ያገኘው በእነሱ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴም በልጅነቱ የሞስኮውን ድል በሬዲዮ ሰምቶ እንደ ምሩጽ ልሁን እንዳለ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የአርሲ ገበሬ ልጅ። በዚያች ሐምሌ ሬዲዮ ከቦ የተቀመጠው የደሴ ልጅ ብቻ አልነበረም።

የሐረጎ ልጅ፦

መምህር፣ ልጆቹን ተቀምጠው እንዲሰሙ ብቻ አታድርጋቸው፣ ሜዳ አውጣቸው። የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ 400 ካልሞላ በሜትር ለካና 300ው ላይ ጠጠር ወይም ኖራ አድርግ። መጀመሪያ ሁሉም በሚመቻቸው ፍጥነት ሁለት ዙር ይሩጡ፣ እንዳይሽቀዳደሙ ተቆጣጠራቸው። ከዚያ ምልክቱ ላይ ሲደርሱ በፉጨት ንገራቸው፣ ባላቸው አቅም ይውጡ። አብዛኞቹ 150 ላይ እግራቸው ይታሰራል። ያን ጊዜ አቁማቸውና ምሩጽ ይህን ያደረገው ከ24 ዙር በኋላ ነው በላቸው።

ሁለተኛውን ጊዜ በሦስት በሦስት መድባቸውና አንዱ መሃል ታጥሮ ይሩጥ፣ ጓደኛው መቼ መንገድ እንደሚለቅለት ራሳቸው ይወስኑ። ቁርስ በልተው ወዲያው እንዳይሮጡ ብቻ ተጠንቀቅ፣ ውሃም ይኑር።

ሰኞ ገበያ፦

ይኸውማ ነው የምፈልገው! ለካሁት፣ ሜዳችን ዙሪያው 250 አካባቢ ነው፤ አንድ ዙርና 50 ሜትር ማለት ነው፣ ኖራ አላጣም። ጋሼ ጦሳ ግርጌ፣ ደሴ ካሉ አንድ ቀን መጥተው የባትሪ ድንጋዩን ነገር በራስዎ አንደበት ቢነግሩልኝ ደስታዬ ነው። መኪና ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ።

ጦሳ ግርጌ፦

ደሴ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ። መኪና አያስፈልግም፣ በእግሬ እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ አስቀድመህ ንገረኝ፤ ያ የልብስ ሰፊው ልጅም እዚሁ አራዳ ሱቅ አለው፣ እሱንም ይዤው እመጣለሁ። ከእኔ ይልቅ እሱ ያስታውሳል፣ አንቴናውን የሚይዘው እሱ ነበር።